ለዘር ቆጠራ አፕ ግራፍ ዳታቤዝ ልግባ ወይስ ፖስትግሬስ ይበቃኛል?

የአባዶ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የእናቴ ወገኖች ከቡልጋ ናቸው። የቤተሰብ ማኅበር አላቸው፤ በዓመት አንዴ ይሰበሰባሉ፣ መዋጮ ያዋጣሉ፣ የዘር ሐረግ የተጻፈባቸው ደብተሮችም አሏቸው። ደብተሮቹ እየተበጣጠሱ ነው፤ የሚያነቧቸው አዛውንቶችም እያለቁ ነው። ስለዚህ «እናንተ ኮምፒውተር የምታውቁ ልጆች አንድ ነገር አድርጉ እንጂ» ተባልን። ሦስት ነን። የምንሠራው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው።

አፑ ሁለት ነገር መመለስ አለበት። አንደኛ፣ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲያስቡ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚገናኙበት አያት አለ ወይ? ለሽማግሌዎቹ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት ሰዎች «እኛ በምን በኩል ነው የምንዛመደው?» ብለው ሲጠይቁ መንገዱን ማሳየት። በደም ብቻ አይደለም፤ በጋብቻም ጭምር። ወጣቱ የሚፈልገው ይሄኛውን ነው፤ ለቅሶ ቤት ተገናኝቶ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» መባባል ሰልችቶታል።

እስካሁን ኤክሴል ላይ ወደ 6 ሺህ ሰው ገብቷል። ደብተሩ ሁሉ ሲያልቅ 30 ሺህ ይደርሳል ብለን እንገምታለን። መረጃውን የሚያስገቡልን ሰንዳፋና አለልቱ ያሉ ዘመዶች ናቸው። በስልካቸው ነው የሚያስገቡት፤ ኔትወርኩ ደግሞ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። ሰርቨራችን 2 ጊጋ ራም ያላት ትንሽ ቪፒኤስ (የኪራይ ሰርቨር) ናት፤ ሒሳቧን በብር ነው የምንከፍለው። የዶላር ካርድ ማናችንም የለንም።

ጓደኛዬ «ዘር ማለት ግራፍ ነው፤ ግራፍ ከሆነ ኒዮፎርጄ ነው፤ አለቀ» ይላል። ግራፍ ሲል ነጥቦችና እነሱን የሚያገናኙ መስመሮች ማለቱ ነው፤ ኒዮፎርጄ ደግሞ መረጃን በዚያ መልክ የሚይዝ ዳታቤዝ ነው። እኔ ሳነብ ደግሞ ጃኑስግራፍ፣ አራንጎዲቢ፣ ሜምግራፍ፣ ኩዙ፣ አፓቼ ኤጅ እያለ ይቀጥላል፤ ጭንቅላቴ ዞረ። ሦስተኛዋ ባልደረባችን የምታውቀው ፖስትግሬስን፣ መረጃን በሰንጠረዥ የሚይዘውን ዳታቤዝ ነው። አዲስ ነገር ለመማር ጊዜ አለን፤ ግን ለፍተን ተምረን ለእኛ የማይሆን ነገር ሆኖ እንዳይገኝ። ምን ትላላችሁ?

ሰንጠረዥ

ፖስትግሬስ ይበቃሃል። ብዙም አትጨነቅ።

ሰባት ቤት ሲባል ሰፊ ይመስላል እንጂ ለኮምፒውተር ምንም ማለት አይደለም። ቁጠረው፦ 2 ወላጅ፣ 4 አያት፣ 8 ቅድመ አያት እያልክ ስትወጣ ሰባተኛው ላይ 128 ትደርሳለህ። ሁሉም ሲደመር 254 ሰው ነው። ከዚህ አይበልጥም። እንዲያውም በእናንተ ደብተር ግማሹም መገኘቱን እጠራጠራለሁ፤ በእናት በኩል ያለው ሐረግ ብዙ ወደ ላይ ተጽፎ አይገኝማ። እና ጥያቄው ምንድን ነው? የልጁን ቅድመ አያቶች አውጣ፣ የልጅቷን አውጣ፣ ሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ያለ ሰው ካለ ንገረኝ ነው። በቃ። ፍለጋው ወደ ላይ ብቻ ስለሚሄድ ዳታቤዙ ውስጥ 30 ሺህ ሰው ኖረ 3 ሚሊዮን ልዩነቱ አይታወቅህም፤ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) ማድረጉን ካልረሳህ በስተቀር።

ሁለት ሰንጠረዥ ሥራ፤ አንዱ «ሰው»፣ አንዱ «ወላጅነት»። ወላጅነት ውስጥ የልጁ መለያ፣ የወላጁ መለያና ዓይነቱ ይገባሉ። ከዚያ ዊዝ ሪከርሲቭ ነው፤ ራሱን እየደጋገመ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ኩዌሪ (የዳታቤዝ ጥያቄ) ማለት ነው። ይሄ ነገር ፖስትግሬስ ውስጥ ከ8.4 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ አለ። አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰው አይጠቀምበትም እንጂ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። ትውልዱን የሚቆጥር ዓምድ ይዘህ ስለምትወጣ «ዩኒየን (ውጤቶቹን የሚያጋጥመው ትእዛዝ) ድግግሞሹን ያጠፋልኛል» ብለህ አትተማመን። ቁጥሩ በየደረጃው ስለሚለያይ ረድፎቹም የተለያዩ ሆነው ይቆጠራሉ። አንዱ ሰውዬ ተሳስቶ የራሱ አያት ሆኖ ከተመዘገበ (ይመዘገባል፣ አትጠራጠር) ኩዌሪህ ሲዞር ይውላል። ስለዚህ ከዚህ ትውልድ በላይ አትውጣ የሚል ገደብ አስገባበት። ከ14 ወዲህ ያለው ፖስትግሬስ ደግሞ እንዲህ ያለውን መዞር ራሱ የሚይዝበት «ሳይክል» የሚል ትእዛዝ አለው።

ጓደኛህን ሰላም በልልኝ።

ቀስት

ሰንጠረዥ መልሱ ሁልጊዜ ፖስትግሬስ ነው፤ ስለ አየር ጠባይ ብትጠይቀውም ፖስትግሬስ ነው የሚልህ። ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ልክ ነው፤ አልከራከረውም።

ሁለተኛው ላይ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። «በምን እንዛመዳለን?» ስትል ወደ ላይ ብቻ አይደለም የምትሄደው። ወደ ላይ ትወጣለህ፣ ወደ ልጆች ትወርዳለህ፣ በጋብቻ ወደ ጎን ትሻገራለህ። በየቦታው 2 ወላጅ፣ አንድ የትዳር ጓደኛና ሰባት ልጅ አለ እንበል፤ ከአንድ ሰው 10 መንገድ ይወጣል ማለት ነው። ስድስት እርምጃ ስትሄድ ሚሊዮን መንገድ። ሪከርሲቭ ኩዌሪ ደግሞ የሄደበትን መንገድ ይዞ ሲጓዝ «እዚህ ሰው ጋ በሌላ በኩል ደርሻለሁ፤ ድጋሚ አልሄድም» ማለት አያውቅም። እያንዳንዱን መንገድ ለብቻው ይቆጥራል። ኒዮፎርጄ ውስጥ አጭሩን መንገድ መፈለጊያው አብሮ የተሠራ ነው፤ ከሁለቱም ጫፍ ተነስቶ መሐል ላይ ይገናኛል። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ደግሞ የሳይፈር፣ የኒዮፎርጄ መጠየቂያ ቋንቋ፣ ውበት አለ። ሰውን በቅንፍ፣ ዝምድናን በቀስት አድርገህ ስትጽፍ ኩዌሪው ወረቀት ላይ የሳልከውን የዘር ሐረግ ይመስላል። ለማታውቀው ሰው ብታሳየው እንኳ ይገባዋል። እውቀቱም አይባክንም፤ ጂኪውኤል የሚባለው የግራፍ ቋንቋ በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የአይኤስኦ ደረጃ ሆኖ ወጥቷል፤ ብዙ ነገሩ ከሳይፈር የመጣ ነው። ኒዮፎርጄ ራሱ የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ችግር ቢገጥምህ መልሱን የምታገኝበት ቦታ ብዙ ነው። የፓናማ ሰነዶችን የመረመሩት ጋዜጠኞች በ2016 እ.ኤ.አ. ማን ከየትኛው ድርጅት ጀርባ እንዳለ የፈለጉት በእሱ ነው። የእናንተም ሥራ በመሠረቱ ያው ነው፤ ማን ከማን ጋር በማን በኩል?

ሌሎቹን በአጭሩ። ጃኑስግራፍን እርሳው። ከሥሩ ካሳንድራ ወይም ኤችቤዝ የሚባሉ ከባድ ዳታቤዞችን ለሚያሠሩ ትልልቅ ቤቶች የታሰበ ነው፤ ለአንድ ኩንታል ጤፍ ተሳቢ መኪና መከራየት ይሆንብሃል። ሜምግራፍ ፈጣን ነው፣ ሳይፈርንም ይናገራል፤ መረጃውን በዋናነት ራም ላይ ነው የሚይዘው። ላይሰንሱን አንብብ፤ ቢኤስኤል፣ ማለትም አጠቃቀሙን የሚገድብ ፈቃድ ነው። አራንጎዲቢም ድሮ የአፓቼ ላይሰንስ ነበረው፤ ከ3.12 ጀምሮ ወደ ቢኤስኤል ሄዷል። ኩዙ በጣም የምወደው ነበር፤ እንደ ኤስኪውላይት አፕህ ውስጥ የሚገባ፣ ሰርቨር የማይፈልግ። ነገር ግን ሠሪዎቹ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ፕሮጀክቱን ዘጉት። ኮዱ ነፃ ስለሆነ ሌሎች ወስደው ቀጥለውታል፤ ቢሆንም አሁን የአያቶቻችሁን ስም እዚያ ላይ አታስቀምጥ።

ሰንጠረዥ

የፓናማ ሰነዶች 11 ሚሊዮን ተኩል ፋይል ናቸው። የእሱ 6 ሺህ ረድፍ ኤክሴል ነው። ትንሽ ልዩነት የለውም?

ቀስት

ስለ ብዛቱ አላወራሁም። ስለ ጥያቄው ዓይነት ነው የማወራው።

ኮዬ_ሰርቨር

እኔ ኮዬ ፈጬ ነኝ፤ ኒዮፎርጄን ሥራ ላይ አውዬ የማስተዳድር ሰው ነኝ። የመኪና መለዋወጫ ነው የምንሠራው፤ የትኛው ዕቃ ለየትኛው ሞዴል ይሆናል፣ ከሌለስ በምን ይተካል፣ የሚተካውስ የት መጋዘን አለ? ለዚህ ዓይነት ነገር ሸጋ ነው። እወደዋለሁ። ግን ወንድሜ፣ ማንም ያልነገረህን ልንገርህ።

ነፃው እትም ላይ ዳታቤዙ እየሠራ ባክአፕ መውሰድ አይቻልም። ማቆም አለብህ። እኛ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አቁመን፣ ገልብጠን፣ መልሰን እናስነሳለን። ለእኛ ችግር የለውም፤ በዚያ ሰዓት ፍሬን ሸራ የሚፈልግ የለም። ክላስተርም (ብዙ ሰርቨር አያይዞ ማሠራት) የሚከፈልበት እትም ላይ ብቻ ነው። የተጠቃሚ መብት መለያየትም እንደዚያው፤ ነፃው ላይ የገባ ሁሉ አድሚን ነው፤ ማን ምን ይይ የሚለውን ራስህ አፑ ውስጥ ትሠራዋለህ። አንድ ሰርቨር ላይ የምትከፍተው ዳታቤዝም አንድ ብቻ ነው። ለሙከራ ሌላ ልክፈት ብትል ሌላ ሰርቨር ነው።

ከዚያ ራሙ። 2 ጊጋ እነሱ ራሳቸው ዝቅተኛው ብለው የጻፉት ነው። ጃቫ ነው፤ ለሂፕ ይፈልጋል፣ ለፔጅ ካሽ ይፈልጋል፣ አፕህም እዚያው ላይ ካለ ደግሞ እሱም የራሱን ይፈልጋል። ይሠራል፤ ግን ተጨናንቆ ነው። ነፃ የክላውድ አገልግሎታቸውም አለ፤ መጠኑ ለእናንተ ይበቃል፤ ግን ለተወሰነ ጊዜ ካልተነካ ይቆማል፣ ካደግክ ደግሞ ካርድ ነው የሚጠይቅህ። የአማዞኑን ኔፕቱን አላነሳውም፤ በዶላር ነው። የሚከፈል ነገር ስትመርጡ ከዋጋው በፊት መክፈል እንደምትችሉ እዩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኔን የገረመኝ፣ ሁለታችሁም ስለ ሰንዳፋና አለልቱ ምንም አላላችሁም። ሰዎቹ ኔትወርክ በሌለበት ነው የሚያስገቡት ብሏል እኮ! አዛውንቱ ፊት ቁጭ ብለው፣ ቡና እየተፈላ፣ ስልክ ይዘው። እዚያ ላይ ሰርቨሩ ኒዮፎርጄ ሆነ ፖስትግሬስ ምን ለውጥ አለው? ስልኩ ላይ ያለው ኤስኪውላይት ነው። ኤስኪውላይት ደግሞ ሪከርሲቭ ኩዌሪ ከ3.8.3 ጀምሮ፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይችላል። ማለትም ሰንጠረዥ የነገረህ የሰባት ቤት ኩዌሪ ትንሽ ብቻ ተነካክቶ ያለ ኢንተርኔት እዚያው ስልኩ ላይ ይሠራል። 30 ሺህ ሰው ስም፣ የወላጅ መለያና ዓመተ ምሕረት ይዞ ስንት ቢሆን ነው? ጥቂት ሜጋባይት። ስልኩ አይታወቀውም።

እና መለያ ቁጥሩን ተራ ቁጥር አታድርገው። ሁለት ስልክ ኔትወርክ በሌለበት ሁለቱም «6001» ብለው ሰው ይመዘግቡና ማታ ሲገናኙ ጣጣ ነው። ዩዩአይዲ፣ የማይደጋገም ረጅም መለያ፣ ተጠቀም።

ጡረታ_የቀረበኝ

ልጆች፣ ጥሩ እየተነጋገራችሁ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ዳታቤዝ ሳስተዳድር ነው ያረጀሁት፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሲበላሽ ያየሁት በሞተሩ አይደለም። መዝገቡ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

የእኛ ስም የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ነው። የቤተሰብ ስም የለም። በ30 ሺህ ሰው ውስጥ አበበ ከበደ ስንት ጊዜ ይመጣል? እነዚህ አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሦስት? ደግሞ አንዱ ኃይሉ ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ ሀይሉ፣ ሌላው ሃይሉ። ፀሐይ፣ ጸሐይ። ሠናይት፣ ሰናይት። ወ/ማርያም አለ፣ ወልደ ማርያም አለ፣ ወልደማርያም ተጋጥሞ አለ። ደብተሩ ላይ በክርስትና ስማቸው የተጻፉ፣ ሰፈሩ ደግሞ በሌላ ስም የሚያውቃቸው ይኖራሉ። ኮምፒውተሩ እነዚህን ሁሉ የተለያየ ሰው ያደርጋቸዋል። አንዱ ቅድመ አያት ለሁለት ከተከፈለ ደግሞ የሰባት ቤት ፍለጋችሁ «ዝምድና የለም» ይልና ይሸኛቸዋል። ኩዌሪው ትክክል ሆኖ መልሱ ውሸት ይሆናል። ግራፍ ዳታቤዝ ይሄን አያድናችሁም።

ስለዚህ ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጡ፤ አታርሙት። አጠገቡ ሌላ ዓምድ አድርጋችሁ አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ወደ አንድ መልሳችሁ፣ አሕጽሮቱን ፈትታችሁ፣ ክፍተቱን አጥፍታችሁ አስቀምጡ። ፍለጋው በእሱ ይሁን። የሚመሳሰሉ ሲገኙ ማሽኑ ራሱ አያዋህዳቸው፤ ለሰው ያቅርብ። ካዋሐዳችሁ በኋላም የሚፈታበት መንገድ ይኑር።

ቀኑም እንዲሁ ነው። «በጣልያን ጊዜ ተወለደ» የሚባል ሰው ሙሉ ነው። የቀን ዓምድ አድርጋችሁ ሐምሌ 1 ቀን 1930 ብላችሁ እንዳትፈጥሩ። «ከ» እና «እስከ» የሚሉ ሁለት ዓመታት አስቀምጡ፤ ከ1928 እስከ 1933። ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ሲወለድ የምትይዙት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ማን እንደነገራችሁ መያዝ አለባችሁ። አንዱ አዛውንት «የእገሌ አባት እገሌ ነው» ይላሉ፣ ሌላዋ እናት «አይ፣ እሱ ያሳደገው ነው» ይላሉ። ሁለቱም መመዝገብ አለበት። እዚህ ላይ የግራፍ ዳታቤዙ ራሱ ያስቸግራል። ኒዮፎርጄ ውስጥ ቀስት የሚሄደው ከሰው ወደ ሰው፣ ከኖድ ወደ ኖድ ነው፤ ከአንድ ምስክር ተነስቶ ወደ አንድ ቀስት የሚሄድ ሌላ ቀስት ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ወላጅነቱን ራሱን ኖድ ማድረግ ይመጣል። ያኔ «ቀስት» የሚባለው ተሳታፊ ያነሳው የኩዌሪው ውበት ግማሹ ይሄዳል፤ በየመሐሉ አንድ ተጨማሪ ኖድ እያቋረጣችሁ ነው የምትሄዱት። ሰንጠረዥ ላይ ግን ወላጅነት ረድፍ ነው፤ የምስክርነት ሰንጠረዥ ወደ ረድፉ ያመለክታል፣ አለቀ።

ሌላው፣ ይሄ መረጃ ቀላል አይደለም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ አለ፣ ማደጎ አለ፣ ቤተሰቡ ለልጁ ያልነገረው ነገር አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፤ ቁጥር 1321/2016። በሕይወት ያሉትን ሰዎች ዝርዝር ማን ያያል የሚለውን ቀድማችሁ ወስኑ። ኮዬ_ሰርቨር እንዳለችው ነፃው ኒዮፎርጄ ላይ ሁሉም አድሚን ነው፤ ፖስትግሬስ ረድፍ በረድፍ መከልከል ከ9.5 ጀምሮ ይችላል።

የአባዶ_ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ! ይሄን ያህል አልጠበቅሁም።

ጋሼ፣ ስለ ስሙ ያሉት ልክ ነው። ማታ ኤክሴሉን ከፍተን ስናጣራ አንድ ቅድመ አያታችን በአራት ዓይነት አጻጻፍ ገብተዋል። አራት ሰው ሆነው ተቀምጠዋል! የክርስትና ስማቸው ሲጨመር አምስት። እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ እስከ 30 ሺህ እንደዚሁ እንቀጥል ነበር።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ሽማግሌዎቹ የክርስትና ልጅነትንም ይቆጥራሉ፤ የአበልጅ ልጆች አይጋቡም ይላሉ። ይሄ ነገሩን ወደ ግራፍ ይመልሰዋል? ሁለተኛ፣ ቀስት ያለው የ«በምን እንዛመዳለን» ጉዳይ ያሳስበኛል፤ ፖስትግሬስ ላይ አፓቼ ኤጅን ብጨምርስ? ሦስተኛ፣ አቆጣጠሩ ላይ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። አንዱ ከራስ ይጀምራል፣ አንዱ ከአባት። በአንዱ ወገን ስድስተኛ፣ በሌላው ስምንተኛ ላይ የሚገናኙ ከሆነስ ሲባል ደግሞ ክርክሩ እስከ ምሽት ሄደ።

ሰንጠረዥ

ሦስተኛው ቀላል ነው። ቁጥሩን ኮድ ውስጥ አትቅበረው። እስከ ዘጠኝ ትውልድ ውጣ፤ ቢበዛ 1,022 ሰው ነው፤ አሁንም ምንም አይደለም። መልሱ ላይ «በልጁ በኩል ስድስተኛ፣ በልጅቷ በኩል ስምንተኛ፣ የሚገናኙት እገሌ ላይ ነው» ብለህ አሳይ። ይቻላል፣ አይቻልም የሚለውን ሽማግሌዎቹ ይጨርሱት። ደግሞ አስብ፣ የፌዴራሉ የ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጎን ዘመድ በኩል የሚከለክለው ወንድምና እህትን፣ አክስትና አጎትን ነው። የቀረው ባህልና ሃይማኖት ነው። ቀይ መብራት እያበራ «ክልክል» የሚል አፕ ሰው ያጣላል።

አበልጅነቱ የዓይነት ዓምድ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓይነት ነው። ግን ከደሙ ጋር አታደባልቀው። ወደ ላይ ሰባት ትውልድ የሚወጣው የደሙ ነው። የክርስትናው ለብቻው ይጠየቅ፤ ስንት ደረጃ እንደሚሄድ እነሱን ጠይቅና ያን ያህል ብቻ።

ቀስት

አፓቼ ኤጅን ሞክሬዋለሁ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ፖስትግሬስ ውስጥ ሆነህ ሳይፈር ትጽፋለህ፣ መደበኛ ሰንጠረዦችህም እዚያው አሉ። ከአፓቼ ዋና ፕሮጀክቶች አንዱ የሆነው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ችግሩ፣ የሚወጣው ለየፖስትግሬሱ እትም ለየብቻ ነው። አዲስ ፖስትግሬስ ሲመጣ ኤጅ እስኪደርስ ትጠብቃለህ። ባክአፕህን ወደ ሌላ ሰርቨር ልውሰድ ስትልም እዚያ ኤጅ መጫን የሚቻል መሆኑን ማየት አለብህ። ሦስት ሰው ለሆነ ቡድን ይሄ ተጨማሪ ራስ ምታት ነው። እንድትጀምርበት አልመክርህም።

እና እሺ፣ ልናገረው። የምስክርነቱን ነገር ጋሼ ሲያነሡ ሐሳቤ ትንሽ ተንቀሳቅሷል። 30 ሺህ ሰው ላይ ዝምድናው ሁሉ ቢደመር 100 ሺህ መስመር አይሞላም። ያን ያህል ከሆነ የመንገድ ፍለጋውን ዳታቤዙ ውስጥ ባትሠራውም ይሆናል። አፑ ሲነሳ መስመሮቹን ሁሉ አንዴ ከፖስትግሬስ አንብበህ ራም ላይ ያዝ። ከዚያ ከሁለቱም ጫፍ የሚነሳ ተራ የስፋት ፍለጋ (እርምጃ በእርምጃ እየሰፋ የሚሄድ) ጻፍ፤ የዳታ ስትራክቸር ኮርስ ላይ የተማርነው ነው። በፓይተን ከሆነ ኔትወርክስኤክስ የሚባል የግራፍ ላይብረሪ አለልህ፤ መጻፍም አይጠበቅብህም። መልሱ ዓይንህን ሳትጨፍን ይመጣል። አዲስ ሰው ሲመዘገብ ራም ላይ ያለውንም ጨምርበት።

ኒዮፎርጄ ዋጋ የሚኖረው ሌሎች የቤተሰብ ማኅበሮችም መጥተው ግራፉ ከራም በላይ ሲሆን፣ ወይም ጥያቄው በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ሲሆን ነው። «ከአንኮበር የተጋቡ፣ አያታቸው ከእኛ ወገን የሆነ፣ አሁን አዳማ ያሉ» የሚል ዓይነት ጥያቄ ሲበዛ ሳይፈር ይናፍቅሃል። ያኔ ከፖስትግሬስ ወደ ሲኤስቪ አውጥተህ ማስገባት ነው፤ የማስገቢያው ትእዛዝ ተዘጋጅቶ አለ።

ጡረታ_የቀረበኝ

ፌስቡክም የሰዎችን ግንኙነት ያስቀመጠው ማይኤስኪውኤል ላይ ነው፤ ከላዩ ታኦ የሚባል ነገር ሠርተው በ2013 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። ከሥር ሰንጠረዥ፣ ከላይ ግራፍ። እነሱ ስላደረጉት እናንተም አድርጉ ማለቴ አይደለም፤ የእነሱ ምክንያት ሌላ ነው። ለጓደኛህ ንገረው ብዬ ነው፤ «ዘር ግራፍ ነው» ያለው ትክክል ነው፤ «ስለዚህ ግራፍ ዳታቤዝ» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

የአባዶ_ልጅ

ነግሬዋለሁ፤ አኩርፏል። ይመለሳል።

እንግዲህ ሰርቨሩ ላይ ፖስትግሬስ፣ ስልኩ ላይ ኤስኪውላይት፣ የመንገድ ፍለጋው ራም ላይ ብለን ጀምረናል። መጀመሪያ ግን የስም ማጣራቱን እየሠራን ነው። በ6 ሺሁ ላይ ስንሞክረው አንድ ነገር ገጠመን። እኔና አንድ የአክስቴ ልጅ በደም በአራት እርምጃ እንገናኛለን፤ ትክክል ነው። ግን ሌላ ጥንድ ስንሞክር አጭሩ መንገድ በሁለት ጋብቻ በኩል ዞሮ «የሚስቱ ወንድም ሚስት» ምናምን የሚል አመጣ፤ በደም የሚገናኙበት ደግሞ በአንድ እርምጃ ብቻ የሚረዝም ነበር። አያቴ ሰምተው «ደሙ እያለ በአማት በኩል ምን ያዞራችኋል?» አሉ።

ኮዬ_ሰርቨር

አያትህ ልክ ናቸው። ለመስመሮቹ ክብደት ስጣቸው። የወላጅና የልጅ መስመር 1 ይሁን፣ ጋብቻ 4 ወይም 5። ከዚያ ተራውን የስፋት ፍለጋ ትተህ ዳይክስትራ፣ የክብደት ድምሩ ያነሰውን መንገድ የሚፈልገውን ዘዴ፣ ተጠቀም፤ ኔትወርክስኤክስ ውስጥም አለ። ደም ካለ ደሙን ያስቀድማል፤ ከሌለ ወይ በጣም ሩቅ ከሆነ በጋብቻ ይሄዳል። የጋብቻውን ክብደት ስንት እንደምታደርገው ከአያትህ ጋር ሆነህ በምታውቋቸው ጥንዶች ላይ እየሞከራችሁ ወስኑ።

የክርስትናውን መስመር ከዚህ ፍለጋ አውጣው፤ ካልሆነ ግማሹ ሰው በቄሱ በኩል ይዛመዳል። እና ኤክሴሉን ወደ ፖስትግሬስ ስታስገባ ደብተሩንና ገጹን የሚናገር ዓምድ ይኑርህ፤ ስም ስታዋህዱ ተመልሳችሁ የምታዩት እሱን ነው።